ትሬይለሩ ተረት አለን፣ ፊልሙ ጦርነት ሆነ

ትሬይለሩ ላይ አንድም ሰው አያወራም። ሙዚቃ አለ፣ ጫካ አለ፣ ባዶ ገጹ ላይ ሥዕል በራሱ የሚወጣበት መጽሐፍ አለ። ቀንዳም ፍጡር ከጨለማ ብቅ ይላል። አንዲት ልጅ በጠመኔ ግድግዳ ላይ በር ትስላለች፤ በሩም ይከፈታል። ከዚያ የፊልሙ ስም በትልልቁ ይመጣና ያበቃል። እህቴ እንዳየችው ወዲያው ላከችልኝ። «ለልጅቷ ይሄን እናሳያት፣ አንተም ና» የሚል መልእክት ጨምራ።

ፊልሙ «ፓንስ ላቢሪንት» ነው። የሜክሲኮው ዳይሬክተር ጊዬርሞ ዴል ቶሮ በ2006 ያወጣው (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ ነው)፣ ሦስት ኦስካር የወሰደ ሥራ። ከምወዳቸው ፊልሞች አንዱ ስለሆነ ይሄን የምጽፈው ላጣጥለው አይደለም። ጠቤ ከማስታወቂያው ጋር ነው። ተመሳሳይ ነገር ሊገጥማችሁ ስለሚችል፣ እኛ ቤት የሆነውንና ከዚያ ወዲህ ፊልም ከመክፈቴ በፊት የማደርገውን ልንገራችሁ።

ገና ሲጀምር ስፓንኛ ሆነ። አማቼ ሪሞቱን አንስቶ «ቋንቋው ተቀይሮ ነው እንዴ?» እያለ ሴቲንጉን ይነካካ ጀመር። የተቀየረ ነገር የለም። ፊልሙ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ስፓንኛ ነው፤ እንግሊዝኛው ከሥር ይነበባል። አማቼ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ አፍጥጦ የሚውል ሰው ነው። ማታ ደግሞ ማንበብ አልፈለገም። አልፈርድበትም።

የእህቴ ልጅ ያኔ አራተኛ ክፍል ነበረች። እንግሊዝኛ ታነባለች፤ ግን በራሷ ፍጥነት። ሰብታይትል ደግሞ ማንንም አይጠብቅም። አንዱን መስመር ሳትጨርስ ሌላው ይመጣል፤ እሱን ስታሳድድ ሥዕሉ ያመልጣታል። ጎኗ ተቀምጬ በጆሮዋ ወደ አማርኛ ስመልስላት ቆየሁ። ይሄ ነገር ለአንድ ትዕይንት ይሠራል፣ ለሁለት ሰዓት ፊልም ግን አይሆንም። እንግሊዝኛ አፉን ያልፈታበት ልጅ የስፓንኛ ፊልም በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ሲያይ ሥራው ድርብ ነው። ማስታወቂያ ቋንቋውን ሲደብቅ የሚጎዳው በተለይ እንዲህ ዓይነቱን ተመልካች ነው።

ቋንቋው ግን ቀላሉ ነበር። ታሪኩ የሚካሄደው በ1944 ስፔን ውስጥ ነው። የእርስ በርስ ጦርነቱ በ1939 በአምባገነኑ ጄኔራል ፍራንኮ አሸናፊነት አብቅቷል፤ ተራራና ጫካ ውስጥ ግን እጅ ያልሰጡ ሽምቅ ተዋጊዎች አሉ። ኦፌሊያ የምትባለው ልጅ ነፍሰ ጡር እናቷን ተከትላ፣ እነዚህን ተዋጊዎች ለማጥፋት ወደሰፈረው እንጀራ አባቷ ትመጣለች። እንጀራ አባትየው ሻምበል ቪዳል ይባላል። ቀንዳሙን ፍጡር፣ ፋውኑን፣ የምታገኘው እዚያ ነው። «አንቺ የከርሰ ምድሩ መንግሥት ልዕልት ነሽ» ይላትና ሦስት ፈተና ይሰጣታል። ትሬይለሩ የነገረን ይቺን ብቻ ነው።

ወታደሮቹ አንድ ሌሊት አባትና ልጅ ይዘው ይመጣሉ። «ጥንቸል ልናድን ነው የወጣነው» ይላሉ ሰዎቹ። ሻምበሉ አያምናቸውም። ጠርሙስ ያነሳና በቂጡ የወጣቱን ፊት ይመታዋል፤ ደግሞ ይመታዋል፤ ደግሞ። ሙዚቃ የለም። ካሜራውም ዞር አይልም። ቀጥሎ ሁለቱንም ተኩሶ ይገድላቸዋል። ከዚያ ቦርሳቸው ሲፈተሽ ጥንቸሎቹ እውነትም ውስጡ ናቸው። ሻምበሉ ወታደሮቹን የሚቆጣቸው ደህና አድርገው ሳይፈትሹ ስለረበሹት ነው።

እህቴ ገና ጠርሙሱ ሲነሳ ገብቷታል። «ነይ እስቲ፣ ሳህን አቀብዪኝ» ብላ ልጇን ክንዷን ይዛ አስነሳቻት። የመጀመሪያውን ምት ግን ልጅቷ አይታለች። በሩ ጋ ደርሳ ዞረችና «ጋሼ፣ ተረቱ መቼ ነው የሚመለሰው?» አለችኝ።

ተረቱ ይመለሳል። ግን ባጭር ባጭሩ ነው። ደግሞ ሲመለስ ለልጅ የሚሆን ሆኖ አይደለም። የፊልሙ አስፈሪ ትዕይንት ጭራሽ ያለው እዚያው ተረቱ ውስጥ ነው። ምግብ የሞላበት ረጅም ገበታ ራስ ላይ ቆዳው የተንጠለጠለ፣ ዓይን የሌለው ገርጣታ ፍጡር ተቀምጧል። ዓይኖቹ ከፊቱ ሳህን ላይ ናቸው። መዳፎቹ ላይ ይሰካቸውና እጆቹን ፊቱ ላይ ዘርግቶ ያያል። እኔ ጎልማሳው ሰውዬ ትራስ አቅፌ ነው ያየሁት። (ፋውኑንም ይሄንንም የሚጫወተው አንድ ሰው ነው፤ ዳግ ጆንስ። ይሄን ሳውቅ ትንሽ ቀለል አለኝ።)

አማቼ «ብራችንን በሉት» ብሎ ሄዶ ተኛ። እህቴ ልጇን አስተኝታ ተመለሰች፤ እስከ መጨረሻው ሁለታችን አየነው። ሲያልቅ ዝም ብለን ቆየን። እሷ «ፊልሙ በጣም አሪፍ ነው፣ ማስታወቂያውን የሠራው ሰውዬ ግን አንድ ነገር ይገባው ነበር» አለች። እኔም ከዚህ የተለየ ሐሳብ የለኝም።

በነጋታው ትሬይለሩን ከፍቼ እያቆምኩ እያስኬድኩ አየሁት። የሚገርመው ውሸት አላገኘሁበትም። ወታደሮቹ አሉ፤ ፈረስ ላይ ሆነው ጫካው ውስጥ ሲያልፉ ለዓይን ጥቅሻ ያህል ይታያሉ። የተኩስ ብልጭታ አለ፤ ሙዚቃው ከፍ በሚልበት ቦታ ስለገባ አስማት ይመስላል እንጂ ጠመንጃ አይመስልም። የሻምበሉ ፊት አለ፤ ተረት ውስጥ ያለ ክፉ ንጉሥ ነው ብለህ ታልፈዋለህ። ሰዎች ከንፈራቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ሥዕሉ ይቆረጣል። ሁሉም ከፊልሙ የተወሰደ ነው። የተቀየረው መጠኑና ቅደም ተከተሉ ነው። ዳር ላይ ያለውን መሃል አምጥተውታል።

ለምን እንዲህ እንደሚያደርጉ መገመት አይከብድም። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ተመልካች ከሥር እየተነበበ የሚታይ ፊልም ይሸሻል የሚል የቆየ እምነት አከፋፋዮች ዘንድ አለ። ስለዚህ ተዋንያኑን ዝም ያሰኟቸዋል። ዘመኑም የፋንታሲ ገበያ የደራበት ነበር። የቀለበቱ ጌታ ሦስት ክፍሎች ከ2001 እስከ 2003 ወጥተዋል፣ ሃሪ ፖተር በየጊዜው ይወጣል፣ በ2005 መጨረሻ ደግሞ የናርኒያ ፊልም ሲኒማ ገብቶ ልጆች ሻርፕ የጠመጠመ፣ ሻይ የሚጋብዝ ደግ ፋውን አይተዋል። በዓመቱ ሌላ ፋውን ፖስተር ላይ ሲያዩ ምን ይጠብቁ? እኔ ይሄ በአጋጣሚ የመጣ አይመስለኝም።

ከዚህ የባሰም ተደርጓል። የጃፓኑ ሃያኦ ሚያዛኪ በ1984 «ናውሲካ» የተባለውን አኒሜሽን ሠራ። በ1985 አሜሪካ ሲገባ ስሙን ቀይረው፣ ከሃያ ደቂቃ በላይ ቆርጠው «የነፋስ ተዋጊዎች» አሉት። ፖስተሩ ላይ ፊልሙ ውስጥ ጨርሶ የሌሉ ወንድ ጀግኖች ሳሉበት። ባለታሪኳን ልጅ ወደ ኋላ ገፏት። የእሱ ስቱዲዮ ከዚያ ወዲህ ፊልሞቹ እንዳይቆረጡ አጥብቆ ይይዝ ጀመር። «ፕሪንሰስ ሞኖኖኬ» በዘጠናዎቹ መጨረሻ ወደ አሜሪካ ሲሄድ ፕሮዲውሰሩ ለአከፋፋዩ የሳሙራይ ጎራዴ «አንድም እንዳትቆርጡ» ከሚል መልእክት ጋር እንደሰጠ በሰፊው ይወራል። ሳይቆረጥም ወጣ። ነገር ግን እሱም ቢሆን ክንድና አንገት የሚበጠስበት ፊልም ነው፤ ሥዕል ስለሆነ ብቻ ለሕፃን የሚከፍት ወላጅ ሞልቷል።

እንግዲህ አሁን እንዴት ነው የማጣራው?

መጀመሪያ ድምፁን እሰማለሁ። ትሬይለሩ ውስጥ ሰዎች እርስ በርስ ሲነጋገሩ ካልተሰማ፣ ወይም የሚሰማው የተራኪ ድምፅ ብቻ ከሆነ፣ ፊልሙ የሌላ ቋንቋ ነው ብዬ እነሳለሁ። ሁልጊዜ ልክ አይሆንም። ግን ብዙ ጊዜ ይሆናል። የተዋንያኑን ስም ማየትም ይረዳል፤ ሰርጂ ሎፔዝ፣ ማሪቤል ቬርዱ፣ ኢቫና ባኬሮ የሚል ዝርዝር ካየህ እንግሊዝኛ መጠበቅ ይከብዳል።

ቀጥሎ የተሠራበት አገር ሰዎች ያዩትን ትሬይለር እፈልጋለሁ። ይሄ ከሁሉ የበለጠ የጠቀመኝ ነገር ነው። የፊልሙን ስም በራሱ ቋንቋ ከአንድ የፊልም መረጃ ገጽ ላይ ገልብጬ ዩቲዩብ ላይ እጽፈዋለሁ። ለራሱ አገር ሕዝብ የተሠራ ማስታወቂያ ቋንቋውን የሚደብቅበት ምክንያት የለውም፤ ሰዎቹ ሲያወሩ ትሰማለህ። የሚሉት ነገር አይገባህ ይሆናል። የሰዎቹ ድምፅ ግን ይገባሃል፦ ይቆጣሉ፣ ይለምናሉ፣ ይስቃሉ። ሁለቱን ትሬይለሮች አስከትለህ ስታይ የተደበቀው ራሱ ይወጣል።

የዕድሜ ገደቡን ደግሞ ሰው ለምን እንደሚንቀው አይገባኝም። «ፓንስ ላቢሪንት» አሜሪካ ውስጥ የተሰጠው «አር» ነው፤ ከ17 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ሲኒማ ቤት ያለ ወላጅ ወይም አሳዳጊ አይገባም ማለት ነው። እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ 15 ነው፤ እዚያ ከ15 በታች ከወላጅ ጋር ቢሆንም አይገባም። ይሄን የሚወስነው ቲኬት ሻጩ ስላልሆነ ከማስታወቂያው ሁሉ የማምነው እሱን ነው። የእንግሊዙ የፊልም ደረጃ ሰጪ ድርጅት ድረ ገጹ ላይ ፊልሙ ያንን ገደብ ለምን እንዳገኘ በአጭሩ ይጽፋል። ለወላጆች ተብለው የተዘጋጁ ገጾችም አሉ፤ የትኛው ትዕይንት ላይ ምን እንዳለ፣ ደሙ ምን ያህል እንደሆነ፣ ልጅ ወይም እንስሳ ይሞት እንደሆነ ሳይቀር ይዘረዝራሉ። ታሪኩ ይበላሽብኛል ብለህ ካሰብክ ለልጁ ስትል አንተ ተበላሽብህ። በነገራችን ላይ የዚህን ፊልም መጨረሻ አልነግራችሁም። ስስ ልብ ላለው ልጅ ግን ከጠርሙሱ ትዕይንት ይልቅ መጨረሻው ይከብደዋል።

የፊልም ፌስቲቫልም ፍንጭ ነው። ፖስተሩ ላይ ሁለት የቅጠል ዘለላ ከበው የተጻፈበት ነገር ካየህ አንብበው። ይሄ ፊልም በግንቦት 2006 ፈረንሳይ ውስጥ በሚካሄደው የካን ፌስቲቫል ላይ ለዋናው ሽልማት የተወዳደረ ነው። እዚያ ለውድድር የሚቀርብ ፊልም ለልጆች የቅዳሜ ጠዋት ተብሎ የተሠራ የሚሆነው ከስንት አንዴ ነው።

አስተያየት ሲነበብ ደግሞ የተደሰተውን ሰው እተወውና ወደ ተናደደው እሄዳለሁ። አምስት ኮከብ የሰጠው «ድንቅ ነው» ይልሃል፤ ምንም አታገኝበትም። ሁለት ኮከብ የሰጠው ግን የተሸጠለትንና የደረሰውን አጥርቶ ይነግርሃል፦ «ማንበብ እንዳለብኝ አላወቅሁም»፣ «ፋውኑ ብዙም አይታይም»፣ «የጦርነት ፊልም ነው እንዴ?» ከእነዚህ ቅሬታዎች ግማሹ ለኔ ምክር ነው። እኔ ስፓንኛም አይከብደኝ፣ ጦርነትም አያባርረኝ። የሌላው ንዴት እኔን ደስ የሚያሰኝ ነገር ሊሆን ይችላል።

ኦንላይን የምታዩ ከሆነ የድምፁንና የጽሑፉን ምርጫ ከመጀመራችሁ በፊት ክፈቱት። አንዳንድ መድረኮች የውጭውን ፊልም ራሳቸው ደብ አድርገው፣ ማለትም የተዋንያኑን ድምፅ በእንግሊዝኛ ተክተው ነው የሚከፍቱላችሁ። ለትንሽ ልጅ ይሄ ጥሩ መውጫ ነው፤ ዕድሜው ከፈቀደ። ለአዋቂ ግን በዋናው ድምፅ ቢሆን እመርጣለሁ። ዴል ቶሮ ከዚህ በፊት በሠራው ፊልም የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ስላልተደሰተ የ«ፓንስ ላቢሪንት»ን ሰብታይትል ራሱ ነው የጻፈው። ሰብታይትልም ሊያታልል ይችላል እኮ። «ሌት ዘ ራይት ዋን ኢን» የተባለው የስዊድን የቫምፓየር ፊልም በ2009 አሜሪካ ውስጥ በዲቪዲ ሲወጣ፣ ሲኒማ ላይ የነበረው ጽሑፍ ቀርቶ የተቆራረጠና የደረቀ ጽሑፍ ተለጠፈበት። ተመልካች ተንጫጫ፤ ቀጣዮቹ ቅጂዎች ላይ የሲኒማው እንዲመለስ ተደረገ። ቅሬታ አንዳንዴ ይሠራል ማለት ነው።

ስለ ቅሬታ ካነሳን፣ ገንዘብ ይመለስ እንደሆነ የሚጠይቁኝ አሉ። ሲኒማ ቤት ከሆናችሁ ገና እንደጀመረ ወጥታችሁ በትሕትና ጠይቁ፤ ከልጅ ጋር ከሆናችሁ ደግሞ ምክንያቱን ንገሯቸው። ፊልሙን አጋምሶ መጠየቅ ግን ያው ልፋት ነው። ፍርድ ቤት ድረስ የሄዱም አሉ። «የስተርደይ» የተባለውን የ2019 ፊልም ሁለት ተመልካቾች እያንዳንዳቸው 3 ዶላር ከ99 ሳንቲም ከፍለው ተከራዩት፤ ትሬይለሩ ላይ ያለችው ተዋናይት አና ዴ አርማስ ግን ከፊልሙ ተቆርጣ ወጥታለች። ከሰሱ። በታኅሣሥ 2022 ካሊፎርኒያ ያለ የፌዴራል ዳኛ ትሬይለር የንግድ ማስታወቂያ ነው፣ በአሳሳች ማስታወቂያ ሕግ ሊጠየቅ ይችላል ብሎ ክሱ እንዲቀጥል ፈቀደ። ሰዎቹ በኋላ ብዙም አልቀናቸውም። ነጥቡ ግን ፊልሙ ውስጥ የሌለች ተዋናይት ትሬይለር ላይ ማሳየት አንድ ነገር ነው፤ ያለውን ነገር መጠኑን አዛብቶ ማሳየት ሌላ። የኛ ጉዳይ ሁለተኛው ስለሆነ ለዳኛ የሚነገር አይመስለኝም።

አንድ ጓደኛዬ ደግሞ በሌላ አቅጣጫ ተናዷል። እሱ የፋንታሲ ሰው ነው፤ ፍጡርና አስማት ነበር የፈለገው። «ሰውዬው ፂሙን ሲላጭ ሳየው ነው ያመሸሁት» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ሻምበሉ ፂሙን ሲላጭ፣ ሰዓቱን ሲጠግን፣ ገበታ ላይ ሲቀመጥ ብዙ ይታያል። እኔ የምለው፣ እንዲህ ዓይነት ፊልም ስትጀምር ማስታወቂያው የገባልህን ቃል ለጊዜው አስቀምጠውና ሩብ ሰዓት ስጠው። በዚያ ሩብ ሰዓት ውስጥ ፊልሙ ራሱ ምን ሊሆን እንደፈለገ ይነግርሃል። ከዚያ ካልጣመህ ዝጋው፣ ማንም አይቀጣህም። ጓደኛዬ ይሄን ካልኩት በኋላ ደግሞ አየው። አሁንም አልወደደውም። ግን «የጦርነት ፊልም ነው ብለው ቢነግሩኝ ፍጡሮቹ ጉርሻ ይሆኑልኝ ነበር» አለ፤ እኔ ይሄንን እንደ ግማሽ እርቅ ቆጥሬዋለሁ።

ልጅ አብሮ ካየና ያልተጠበቀ ነገር ከመጣ፣ ማቆም ብቻውን አይበቃም። እህቴ በማግስቱ ልጇን አስቀምጣ አወራቻት። «ሰውዬው ክፉ ነው፣ ያ ሁሉ ሜካፕ ነው፣ የተመታው ልጅ ተዋናይ ነው፣ ቤቱ ገብቷል» አለቻት። ልጅቷ ሜካፑ እንዴት እንደተሠራ ማየት ፈለገች። የፋውኑን ቀንድ ሲገጥሙ፣ ፊቱን ሲለጥፉ የሚያሳይ ቪዲዮ አሳየናት። ፊልሙ ካገኛቸው ኦስካሮች አንዱ በሜካፕ ስለሆነ ብዙ የሚታይ ነገር አለው። ከዚያ በኋላ ያስፈራት የነበረው ነገር የሥዕል ደብተሯ ውስጥ ገባ፤ መዳፉ ላይ ዓይን ያለው ሰው ለአንድ ወር ያህል ስትስል ከረመች። አስተማሪዋ ደውላ ነበር።

አሁን ሰው ስጋብዝ ትሬይለር አልልክም። በራሴ ቃል አጭር መልእክት ነው የምልከው። ባለፈው ለቤተሰቡ ግሩፕ የላክሁት እንዲህ ይላል፦ «ፊልሙ የኮሪያ ነው፣ ከሥር ይነበባል። መናፍስት አሉ ግን ጥቂት ናቸው። አብዛኛው የቤተሰብ ጠብ ነው። አንድ ቦታ ላይ ደም አለ፣ ስደርስ እነግራችኋለሁ። ልጆች ከተኙ በኋላ ነው የምንጀምረው።» አማቼ መጀመሪያ የመለሰው «ስንት ሰዓት ነው የሚነበበው?» ብሎ ነው። ሁለት ሰዓት ከሩብ አልኩት። መነጽሩን ይዞ መጣ።